አበባው እንዳይረግፍ

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ግንቦት፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ አንድ ተሸካሚ ደክሞት ግድግዳችንን ተደገፈ።

ሌላ ምንም አላደረገም። የተሸከመውን የብርድ ልብስ ቦንዳ ሳያወርድ፣ ከነሸክሙ ዘንበል ብሎ ግድግዳውን በሸፈነው ሐረግ ላይ አረፍ አለ። መርካቶ ውስጥ በቀን ስንት ሺህ ሰው ስንት ሺህ ግድግዳ እንደሚደገፍ የቆጠረ የለም። የኛን ግድግዳ በተደገፈባት ቅጽበት ግን ከሦስት ቦታ ሦስት ጩኸት ወጣ።

«አበባው!» አለች ጎረቤቴ ሐጀራ፣ የታጠበ አንሶላ እንደያዘች።

«ኧረ አንተ! አበባው ይረግፋል!» አለ ባሏ ሙህዲን። ለምሳ መጥቶ በሞባይል እያወራ ነበር።

«አበባው!» አልኩ እኔም፣ ከሸማ ተራ የክር ጥቅልሌን ታቅፌ እየመጣሁ። ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው፤ ሌላ ሰው የጮኸ መስሎኝ ዞር ብዬ ነበር።

ተሸካሚው ቀና ብሎ ሦስታችንን ተራ በተራ አየን።

«የመርካቶ ሰው ለአበባ ሲጮህ ዛሬ ገና አየሁ» አለ። «አቦ፣ ሰውም እኮ ይረግፋል!» ቦንዳውን አስተካክሎ ወደ ተክለ ሃይማኖት ቁልቁል ሄደ።

እኛ ወዲያው አልተበተንንም። እስኪርቅ ጠበቅን። ከዚያ ማንም ማንንም ሳያይ ግድግዳውን አዳመጥን። ግድግዳው ምንም አላለም።

«አልሐምዱሊላህ፣ አልረገፈም» አለች ሐጀራ፣ አንሶላዋን እያሰጣች።

አሥራ አምስት ያህል አበባ መሬት ላይ ረግፎ ነበር። ማናችንም አላነሳነውም።

ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው። የቀበሌውን ቁጥር አልናገርም፤ የነገርኩ እንደሆነ ሰው ስም ያወጣል። ከራጉኤል ጀርባ የሚገኝ አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ነው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ክፍል ያለው። በግራ ጫፍ እኔ፣ የነጠላ ጥለት የምሰፋው፣ እስካሁን ሚስት ያላገኘሁት ማሙሸት። በቀኝ ጫፍ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴው ሙህዲንና ሐጀራ። መሃል ላይ እትዬ የሺ። የኪራይ ደብተሩ በእትዬ የሺ ስም ነው፤ እኔም ሙህዲንም ከሳቸው የተጠጋን ነን። እሳቸው ከወጡ ሦስት ቤት ወጣ ማለት ነው። በሮቻችን በውስጥ በኩል ወደ ግቢው ይከፈታሉ። ወደ መንገዱ የሰጠነው ጀርባችንን ነው፤ በርም መስኮትም የሌለው አንድ ረጅም ግድግዳ። ሐረጉ ያለው እሱ ላይ ነው።

የተከሉት የእትዬ የሺ ባለቤት ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። በወተት ቆርቆሮ ይዘው የመጡ ዕለት ከየት ነው ቢባሉ «ከሰው» ነው ያሉት። ስሙን የሚያውቅ እስከ ዛሬ አልተገኘም። አበባው ወይን ጠጅ ነው፣ አፉ እንደ ጡሩንባ የተከፈተ። ከመሬት እስከ ጣሪያ፣ ከጣሪያ እስከ መብራት ምሰሶው ወጥቷል። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ባንዴ ሲከፈት፣ ንቡም ሲመጣ፣ እውነቴን ነው፣ መርካቶ መሆናችሁን ያስረሳችኋል። ጋሪ እስኪገጫችሁ ድረስ።

መንገደኛ ቆሞ «ምን ያምራል!» ይላል። እኛም «አዎ፣ ያምራል» እንላለን። ውሸት አይደለም፤ በጣም ያምራል። የማናወራው ሌላውን ነው።

ሌላው ይኸውላችሁ። በዘጠና ስምንት ሐምሌ፣ ዝናቡ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳያባራ ቆይቶ ያባራ ዕለት፣ ከእትዬ የሺ አልጋ ራስጌ ግድግዳው ላይ አንድ መስመር ታየ። ፀጉር ታህል ነበር። እኔ ነኝ ያየኋት፤ መስመር ማየት ሥራዬ ነው። ነሐሴ ላይ መርፌ የምታስገባ ሆነች። መስከረም ላይ ጣቴ ገባ። ኅዳር ላይ ከነመዳፌ ገባሁ፣ ውስጥም የነካሁት ጭቃ አልነበረም፤ ሥር ነበር። እርጥብ፣ የሰው ክንድ የሚያህል ሥር። ሐረጉ ከመሠረቱ ሥር ገብቶ፣ በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ጭቃውን እየገፋ አውጥቶ ቦታውን ይዟል። ማገሩና ቅርንጫፉ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ግድግዳውን አቁሞ የያዘው ሐረጉ ነው። ግድግዳውን የሚጥለውም ሐረጉ ነው። ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም፤ እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ማደር ይበቃል።

«ለምን ለቀበሌ አታመለክቱም?» የሚል ሰው ከተማ የሚባለውን ሰውዬ አያውቀውም ማለት ነው። ከተማ ከተክለ ሃይማኖት ዝቅ ብሎ፣ ቤቱ በር ላይ ጫማ የሚሰፋ ሰው ነበር። የሱም ግድግዳ ተሰነጠቀ። ሕግ አክባሪ ስለሆነ ማመልከቻ ጻፈ፣ በራሴ ወጪ ልጠግን ይፈቀድልኝ ብሎ። መሐንዲስ መጣ። አየ። በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ የሆነ ቁጥር ጻፈና ሄደ። ቤቱ ለነዋሪው አስጊ ነው ተባለ። ቦታው ለልማት ስለሚፈለግ መጠገን ክልክል ነው ተባለ። በወሩ ከተማ ከነቤተሰቡ ሦስት ታክሲ ተይዞ የሚደረስበት ዳር አገር ገባ። አሁን አንዳንድ ቅዳሜ ይመጣና በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ይቆማል።

«ምን ትሠራለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ምናልባት በልማዱ ጫማ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ብዬ ነው» አለኝ።

ይህን ለእትዬ የሺ ነገርኳቸው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ደክሟል፣ እግራቸውም ከአልጋ እስከ በር ብቻ ነው የሚያደርሳቸው። የራጉኤልን ቅዳሴ አልጋቸው ላይ ሆነው በድምፅ ማጉያው ነው የሚያስቀድሱት፤ የት ላይ ተነሱ፣ የት ላይ ስገዱ እንደሚባል ያውቃሉና ባይነሱም ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

«እኔን እዚያ ቢወስዱኝ፣ ማሙሼ፣» አሉኝ፣ «በየት በኩል ልሰማ ነው?»

እኔን ከገጠር ስመጣ፣ የማውቀው ሰው ሳይኖር፣ «ግባ፣ ዝናብ ነው» ብለው ያስገቡኝ ሴት ናቸው። ዝናቡ ካባራ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ውጣ አላሉኝም። ስለዚህ ከዚያን ቀን በኋላ እንዲህ እናድርግ ሳንባባል፣ ስለ ግድግዳው ማንም አላነሳም። ሐረጉም እንዲያድግ ተውነው። ቅጠሉ በወፈረ መጠን የሚታየው ይቀንሳል።

ግን ልብስ ሰፊ ነኝ። ልብስ ሰፊ የተቀደደ ነገር ሲያይ ሌላ አያውቅም። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ወስፌ ሰካሁና በመካከላቸው ነጭ ክር ወጠርኩ። ክሩ ካልተበጠሰ ግድግዳው አልሄደም፤ ከተበጠሰ ሄዷል። መጀመሪያ የወጠርኩት በአሥራ አንድ ቀኑ ተበጠሰ። እጥፍ አድርጌ ወጠርኩ፤ ያም ተበጠሰ። ከዚያ ሲባጎ ወጠርኩ። ሲባጎው አልተበጠሰም፤ አንዱን ወስፌ ከነጭቃው ነቅሎ አመጣው።

«ማሙሼ» ይሉኛል እትዬ የሺ ጠዋት፣ «ክራርህ ሌሊት ‹ትን› ብሎ ተበጠሰ።»

ሙህዲን ሱቅ ሊሄድ ሲወጣ በመስኮቴ አንገቱን ያስገባል። ስለ ግድግዳው አይጠይቅም። «ክርህ እንዴት አደረ?» ነው የሚለው።

«ደህና አደረ።»

«ወላሂ?»

«ቀየርኩት።»

«አሃ» ይልና ይሄዳል። እዚህ ላይ «አሃ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ፊቱን ያየ ያውቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከፍሳሽ ቦዩ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ ተቀብሯል። በስፌት ሜትሬ ለካሁት፤ ከግድግዳው ሥር እስከ ድንጋዩ አራት ሜትር ከሃያ ነው። ግድግዳው ራሱ እስከ ጣሪያው ጫፍ አራት ሜትር ከአሥር ነው። ይህን ቁጥር ለማንም አልነገርኩም። ሐጀራ ግን ከጥር ጀምሮ የልብስ ማስጫ ገመዷን ከድንጋዩ ወዲያ አዞረች። ለምን ብላት «ፀሐይ እዚያ ይሻላል» አለች። ሙህዲን ሞባይሉ ሲጮህ ድንጋዩን ሳይሻገር አያነሳም። «ኔትወርኩ እዚህ ነው የሚነፋው» ይላል። እኔ ከሥራ ስመለስ ድንጋዩን ተጠግቼ የምሄደው ጭቃ ስለማልወድ ነው።

ይህ ከውጭ ሲሆን ነው። ከውስጥ የሚሸሹበት ድንጋይ የለም። ጭንቅላቴን ከግድግዳው በታች አድርጌ እተኛና አስባለሁ። ወደ ውጭ ቢወድቅ መንገደኛ ይገድላል፤ ወደ ውስጥ ቢወድቅ እኛን። መጀመሪያ ወደ ውጭ እንዲሆን ተመኘሁ። ከዚያ አፈርኩና ወደ ውስጥ ይሁን አልኩ። ከዚያ እትዬ የሺ ትዝ አሉኝና እንደገና ወደ ውጭ። እንዲህ ስገላበጥ ይነጋል፣ አበባውም ይከፈታል።

ተሸካሚው ግድግዳውን በተደገፈ በአምስተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ሙህዲን መጋዝ ይዞ መጣ።

«ማሙሸት፣ እንዲህ ሆኖ አይዘለቅም» አለ። «ክብደቱን ትንሽ እንቀንስለት። ክረምት እየገባ ነው፣ ይሄ ሁሉ ቅጠል ውሃ ሲይዝ ስንት ኪሎ እንደሚሆን አስበኸዋል?»

«ቆርጠኸው ይዞት የነበረ ነገር ቢለቅስ?»

«አንዲት ቅርንጫፍ። አንዲት ብቻ። ቢስሚላህ እላለሁ።»

«እኔም አማትባለሁ» አልኩ።

ሐጀራ ከድንጋዩ ወዲያ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ተው!» ትላለች፤ እሱ «አንቺ ደግሞ፣ አፍሽን በመልካም ክፈቺ!» ይላል። ከጣሪያው ሥር ተሻግሮ የሄደ፣ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ መረጥን። ሙህዲን መሰላሉ ላይ ወጣ፣ እኔ መሰላሉን ያዝኩ። መጋዙ እየሄደ ሳለ ቅርንጫፉ ከመቆረጡ በፊት ራሱ ተገመሰ፤ እንደተወጠረ ገመድ። ከዚያ ግድግዳው ተነፈሰ። ሌላ የምለው ቃል የለኝም። ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው «እህ» እንደሚለው አለ፣ ከውስጥም የሆነ ነገር ወደቀ።

ሙህዲን ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደ ሁለታችንም አናውቅም። በግቢው ዞረን ወደ እትዬ የሺ ክፍል ስንገባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዳቦ የሚያህል ጓል ጭቃ ትራሳቸው ላይ ወድቋል። ሊጸልዩ ገና ቀና ከማለታቸው፣ ራሳቸው በነበረበት ቦታ ማለት ነው። በራስጌያቸው በኩል፣ እኔ ክር የወጠርኩበት ቦታ፣ ግድግዳ የለም። ቅጠል ነው ያለው። በቅጠሉ መሃል ብርሃን እየገባ ፊታቸው ላይ ይወዛወዛል፣ አንድ ወይን ጠጅ አበባም አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ያየናል።

«ልጆች» አሉ፣ «ፀሐይ ገባልኝ።»

ተከትላን የገባችው ሐጀራ ማልቀስ ጀመረች። «እትዬ፣ እኛ ጋ ይምጡ። አልጋዎን እናዙረው፤ በአላህ ይዤዎታለሁ!»

«አልጋዬ አይነሳም» አሉ እትዬ የሺ። «ነፍሱን ይማረውና ሠላሳ ዓመት ሙሉ መስኮት አውጣልኝ ስለው ነገ ነገ ሲለኝ ነው የሞተው። አሁን አወጣልኝ። የሱ ሐረግ ነው፣ አይጥለኝም።»

ጓሉን በጨርቅ ጠቅልለን አወጣነው። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ሙህዲንና እኔ ተመልሰን ወጥተን፣ ከነበረበት ቦታ መልሰን በሲባጎ አሰርነው። ሰው እንዳያይ ነው ተባባልን። እሱ ግን እያሰረ «ያዝ፣ ያዝ እንጂ፣ ወንድሜ» ይል ነበር፣ እኔን አልነበረም።

ክረምቱ መጣ። ጉድጓዱ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጭቃ እየጣለ ሰፋ፤ መጀመሪያ ወንፊት፣ በኋላ ሰፌድ አከለ። ሐረጉም ከውጭ በኩል በበነጋው ሸፈነው። ዝናብ ሲመጣ ጋቢ እንጋርድበታለን፤ ሲያባራ እትዬ የሺ ይገልጡታል። ክር መወጠር ተውኩ። ምኑ ላይ ይወጠራል?

በነሐሴ መጨረሻ፣ አገሩ ሁሉ ሚሊኒየም ሚሊኒየም በሚልበት ሰሞን፣ የቀበሌው የጽዳትና ውበት ኃላፊ አቶ አስናቀው መጡ። ማስታወሻ ደብተር ይዘዋል። ከድንጋዩ ወዲያ ቆሙ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ!» አሉ።

የሚያስደስት ነገር ስላልጠበቅን ሦስታችንም «ምን አደረግን?» አልን።

«ቤታችሁ ለሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ምሳሌ የሚሆን አረንጓዴ ቤት ተብሎ ተመርጧል። ከበላይ እንግዳ ይመጣሉ። ሰሌዳ ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሳል።»

ሙህዲን ሳቀ፤ ሲፈራ የሚስቀው ሳቅ ነው። «አቶ አስናቀው፣ ይሄማ ራሱ የበቀለ ነው። የሰው ላብ የፈሰሰበት ቤት ይሸለም እንጂ። ከታች ያለው ግቢ ጽጌረዳ ተክሏል፣ ማሻአላህ፣ በአጥር ነው ያደረገው…»

«ትሕትና ጥሩ ነው» አሉ አቶ አስናቀው።

«ደግሞም ይሸታል» አለች ሐጀራ።

«ምኑ?»

«አበባው። ያስነጥሳል። እንግዳው ቢታመሙ…»

አቶ አስናቀው ደብተራቸውን ዘጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሙኝ። ይሄ ቤት አምና በኛ መዝገብ ታድሷል። የታደሰ ቤት ካልተመረጠ የቱ ሊመረጥ ነው?»

ሦስታችን ተያየን።

«ታድሷል?» አለ ሙህዲን።

«ታድሷል» አሉ፣ እኛን ሳይሆን ቅጠሉን እያዩ። «አላያችሁም እንዴ?»

«አይተናል» አልኩ እኔ። ሌላ ምን ይባላል?

«በቃ።»

«ሰሌዳው በምንድነው የሚሰቀለው?» አለች ሐጀራ።

«በምስማር ነዋ። በማስቲካ እንለጥፈው?»

ማናችንም አልሳቅንም። ሐጀራ ግን ብልህ ናት። «እንግዲህ እኔ ስሰማ» አለች፣ «ብረት የነካው ሐረግ ይደርቃል ይባላል።»

«እውነት ነው!» አሉ አቶ አስናቀው፣ ቃሉን ከአፏ ነጥቀው። «እኔም ሰምቻለሁ። በገመድ ይሁን፣ በገመድ።» ሲሄዱ አንድ ጊዜ ዞረው አዩን። «ከሩቅ ነው ውበቱ የሚታየው» አሉ። «አስተውላችኋል?»

አስተውለናል አልን።

ቀኑ ጳጉሜን ሁለት ነበር። ዝናቡ ጠዋት አባርቷል፣ ቅጠሉ ግን ውሃውን እንደያዘ ነው። እኔ ከጠንካራዎቹ ቅርንጫፎች ሁለት የሲባጎ ቀለበት አውጥቻለሁ፣ ሰሌዳው እንዲንጠለጠልበት። ከዚያ ወደ እትዬ የሺ ገባሁ።

«እትዬ፣ ዛሬ እንግዳ አለ። ድምፅ እንዳያሰሙ።»

«ለምን? እኔ የቤቱ ሰው አይደለሁ?»

«ጉድጓዱን ያውቁታል።»

«ጉድጓድ አይደለም፤ መስኮት ነው።»

«መስኮቱን ያውቁታል። ካወቁት ያስወጡናል። የከተማን ነገር አጫውቼዎታለሁ።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «እሺ፣ አልናገርም» አሉ። «ካልነኩኝ።»

ጋቢውን በጉድጓዱ ላይ ጋርጄ ወጣሁ።

እንግዳዋ ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው የሚያምር ሴት ናቸው። ከመኪና ሲወርዱ ለሰላምታ የዘረጋነውን እጅ ትተው በቀጥታ ወደ ሐረጉ ሄዱ። ድንጋዩን ተሻገሩ። እኛም እንግዳ ብቻውን አይሄድምና ተከተልን፤ አቶ አስናቀው ከኋላችን።

«ውይ!» አሉ እንግዳዋ። «እናቴም እንዲህ ያለ ነበራት። አቤት ማማሩ! ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ ይሆነዋል» አልኩ።

«ግድግዳውን አይጎዳም?»

«ኧረ በጭራሽ» አሉ አቶ አስናቀው። «ቤቱ የታደሰ ነው።»

ካሜራ ያዡ ልጅ ድንጋዩ ላይ ቆሞ «ጠጋ በሉ» አለን። ጠጋ አልን። «ኧረ ጠጋ! ቅጠሉን ንኩት!» ነካነው። ከላይ የዝናብ ውሃ አንገቴ ላይ ተንጠባጠበ፣ ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር። ሐጀራ በጣቷ የሙህዲንን እጅጌ ይዛለች። «ፈገግ!» አለ ልጁ። ያ ፎቶ ዛሬም አለኝ። የሁላችንም ጥርስ ይታያል። ካሜራውን የሚያዩት ግን እንግዳዋ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቻችን ወደ ላይ ነው የምናየው።

ከዚያ ሰሌዳው ቀረበ። እንግዳዋ የሲባጎ ቀለበቶቼን አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ይሄንንማ ነፋስ ይጥለዋል። ምስማር የለም?»

«ሐረጉ ይደርቃል ይባላል…» አለች ሐጀራ።

«ግንዱን አልነካም፣ ግድግዳው ላይ ነው። እናቴ ቤት ስንቱን መትቻለሁ። መዶሻ የለም?»

መርካቶ መሃል ቆሞ መዶሻ የለም አይባልም። ማንም ሳይጠየቅ፣ ከማዶ ያለው ባለሱቅ ከነፕላስቲኩ አዲስ መዶሻና አንድ ረጅም ምስማር ይዞ ከች አለ። አቀብሏቸው ሲመለስ እንደ መሮጥ ያለ ነበር።

«እርስዎ አይልፉ፣ ልጆቹ ይመቱታል» አሉ አቶ አስናቀው። ልጆቹ የተባልነው እኔና ሙህዲን መሬት መሬት አየን።

«ግድ የለም» አሉ እንግዳዋ።

ምስማሩን በከንፈራቸው ያዙ። መዶሻውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ በቀኛቸው ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ እያደረጉ ግድግዳውን መፈለግ ጀመሩ። እጃቸው እስከ አንጓው ገባ። «ወፍራም ነው» አሉ በጥርሳቸው መሃል። እስከ ክርናቸው ገባ። ትንሽ ቆም አሉ። እስከ ብብታቸው ገባ፣ ጉንጫቸው አበባው ላይ አረፈ።

ከውስጥ የአልጋ ሽቦ ሲንጫጫ ተሰማ።

ምስማሩ ከእንግዳዋ ከንፈር ወደቀ።

«አቶ አስናቀው» አሉ በቀስታ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «የሆነ ሰው እጄን ይዞኛል።»

ከዚያ ዞር አሉ። አቶ አስናቀው ከጎናቸው አልነበሩም። ማናችንም አልነበርንም። መቼ እንደሄድን አላውቅም፤ ማንም ሽሹ አላለም፣ ማንም አልሮጠም። ግን ሐጀራ፣ ሙህዲን፣ ባለሱቁና እኔ ከጥቁሩ ድንጋይ ወዲያ፣ እንደ ተለካ ሰው፣ በአንድ መስመር ቆመናል። አቶ አስናቀው ከሁላችንም ርቀው ከቦዩ ማዶ ናቸው፣ ሰሌዳውን ታቅፈው። ካሜራ ያዡ ልጅ ብቻ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ከእኛ ጋር ተሰልፏል።

እንግዳዋ እኛን አዩ። ድንጋዩን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አንገታቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው፣ በላያቸው ያለውን ግድግዳ እስከ ጣሪያው አዩት። እጃቸውን አልጎተቱም። «አበባው» የሚል አልነበረም።

ከቅጠሉ ውስጥ የእትዬ የሺ ድምፅ መጣ።

«እጅሽ በረዶ ሆኗል፣ ልጄ» አሉ። «ብቻሽን ነው የመጣሽው?»